መንገዱ ይለያይ፣ መድረሻው ግን አንድ ይሁን

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ፣ እዚሁ ሮማኒና የምትኖር አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር እንደነበርኩ የሚያውቁ ሰዎች፣ ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት ሲያስቸግራቸው ይጠሩኛል። እኔም ታክሲዬን ጥግ አስይዤ አነብላቸዋለሁ። የእህታችን ልጅ የሜዲያ ሦስተኛ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንተኛ ክፍል ነው። መምህራኑ ጣሊያኖች «ኮንሲሊዮ ኦሪየንታቲቮ» የሚሉትን ምክር፣ ማለትም ልጁ ወደፊት በምን ዓይነት ትምህርት ቤት ቢቀጥል እንደሚሻል የሚገልጸውን ወረቀት ልከውላታል። ባጭሩ ሲተረጎም፣ ልጁ በእጁ እየሠራ እንጂ ከመጽሐፍ መማር ስለማይሆንለት የሙያ ትምህርት ቤት ቢገባ ይመረጣል ይላል።

አንብቤ ስጨርስ፣ «መምህር፣ ይሄ ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?» አለችኝ።

ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጪኝ» ብዬ ተለየኋት። ይህ ጽሑፍ ያን ሳምንት ሳወጣና ሳወርድ የቆየሁት ሐሳብ ነው።

ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ማንኛውም ወላጅ ያውቃል። አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ሲነግሩት፣ ሌላው ሲያሳዩት ይገባዋል። አስተማሪ ትምህርቱን እንደ ተማሪው ማስተካከል እንዳለበትም የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ልዩነቱን ካወቅን ዘንድ፣ ልጁ የሚሄድበትን መንገድ እንለውጥለት ወይስ የሚደርስበትን ቦታ እንለውጥበት? ሁለቱም «እንደ ተማሪው ማስተማር» ስለሚባሉ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። በታሪክ ግን አንደኛው ብዙ ሰው አንሥቷል፤ ሁለተኛው ብዙ ሰው አስቀርቷል። ነገሩን ከአገር ቤት እንጀምርና ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

የኔታ ዘንድ ስንት ክፍል ነበር?

ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ተቀምጠው የሚያስተምሩ አንድ የኔታ በዓይነ ኅሊናችሁ ይምጡላችሁ። ፊታቸው ሠላሳ ልጅ አለ እንበል። ሠላሳው ልጅ ግን አንድ ትምህርት አይማርም። አንዱ «ሀ ሁ» ይቆጥራል። ሌላው «አ ቡ ጊ ዳ» ይዟል፤ «ሀ ሁ»ን እንደ ዜማ በቃሉ ብቻ የሸመደደ ልጅ፣ በአቡጊዳ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥበት ፊደሉን በመልኩ ለይቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይታወቅበታል። ሦስተኛው የዮሐንስን መልእክት እያንዳንዷን ፊደል በስንጥር እየነካ ይቆጥራል። አራተኛው ዳዊት ይደግማል። ንባቡ ራሱ ቁጥር ንባብ፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እየተባለ ደረጃ አለው።

ልጁን ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሳልፈው ዕድሜው ወይም የዓመቱ ማለቅ አልነበረም፤ የያዘውን ጠንቅቆ ማወቁ ነው። አንዱ ዳዊትን በአንድ ዓመት ቢጨርስና ሌላው ሦስት ዓመት ቢፈጅበት፣ ሁለቱም ዳዊት ደገሙ ይባላሉ። በየኔታ ዘንድ ገና ያልደረሰ ተማሪ ነበረ እንጂ «ወደቀ» የሚባል ተማሪ አልነበረም።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። ያ ቀን በዓይኑና በጣቱ ፊደል ሲቆጥር የዋለ ልጅ፣ ማታ ደግሞ «የቃል ትምህርት» ነበረው። በጨለማ ተቀምጦ ጸሎቱን ከየኔታ አፍ እየተቀበለ በጆሮው ይይዛል፤ በአፉም ይመልሳል። የኔታ «ይህ ልጅ የዓይን ነው፣ ያኛው የጆሮ ነው» ብለው አልከፈሏቸውም። ሁሉም በዓይን፣ በጆሮ፣ በጣትና በአንደበት ይማራል።

ሠላሳውን ሁሉ የኔታ ብቻቸውን አይችሉትምና ቀደም ያለው ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል። ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። አንዱ ገና በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲፍጨረጨር፣ ሌላው ዘአምላኪየ፣ ሌላው ሥላሴ፣ የበሰለው መወድስ ይቆጥራል። ተማሪው ብቻውን ጫካ ወይም ዋሻ ገብቶ ያወጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የዚያን ልጅ ስሕተት ለዚያው ልጅ ያቀኑለታል። የአንዱ መምህር አካሄድ ያልተስማማው ስልቻውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ እየተባሉ ስማቸው የሚጠራው የቅኔ መንገዶች የየራሳቸው ለዛ አላቸው። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ይህን ሥርዓት የገለጹበት ሥራ በመንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ታትሟል።

ይህን ስል የየኔታን ቤት ገነት አድርጌ መሣሌ አይደለም። አለንጋው ብዙ ልጅ አሳዶአል። ሴቶች ልጆች በአመዛኙ ከደጅ ቀርተዋል። ትርጉሙ ሳይገባው ግዕዙን የሸመደደው ብዙ ነው። የቆሎ ተማሪም በየደጁ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው የተማረው። ሆኖም አንድ ነገር እንመስክርላቸው፤ መንገዱን እንደ ልጁ አቅም ያረዝሙታል ወይም ያሳጥሩታል እንጂ፣ ለዘገየው ልጅ ሌላ ትንሽ ዳዊት አልጻፉለትም።

ደወልና ረድፍ

እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1925 ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈቱ። ለምኒልክ ትምህርት ቤት መጀመሪያዎቹ መምህራን የመጡት ከግብፅ ነበር። የውጭ ቋንቋ፣ ሒሳብና ሳይንስ ገባ፤ አገሪቱ ያለዚህ ልትራመድ አትችልም ነበር። ከዕውቀቱ ጋር ግን ደወል፣ ረድፍና የዓመት ፈተናም አብረው ገቡ። በአንድ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ገጽ ይገልጣል፤ ሰኔ ሲደርስ ያለፈው ያልፋል፣ የወደቀው ይወድቃል።

ይህ በክፋት የተሠራ አይደለም። ጥቂት መምህር ይዞ ብዙ ተማሪ ለማስተማር ሌላ ዘዴ አልተገኘም ነበር። ደርግም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያውጅ ብዙ ነገሩ በትእዛዝ የሆነ ቢሆንም፣ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይማር በሚል ማስተማሪያው በ15 ቋንቋዎች መዘጋጀቱ፣ ትምህርትን ወደ ተማሪው ለማስጠጋት የተወሰደ ትልቅ እርምጃ ነበር።

«ለአገሬው የሚስማማ ትምህርት»

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ዓይነት «እንደ ተማሪው ማስተማር» እንመልከት። ጣሊያን በኤርትራ በነበረበት ዘመን ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት በአራተኛ ክፍል ገደማ ይቆም ነበር። ኢትዮጵያን ወርሮ ከገባ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ሕግ ትምህርት ቤቱን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ለጣሊያን ልጆች፣ ሌላው ለቅኝ ተገዥዎች። ለተገዥው የታሰበለት ጥቂት ቋንቋ፣ ጥቂት ሒሳብ፣ የእጅ ሥራና ለገዢው መታዘዝ ነው። የሚፈለገው ወታደር፣ አስተርጓሚና የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በላይ የተማረው እንዴት ይታይ እንደነበር ደግሞ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ መገደላቸው ይነግረናል።

ያን ትምህርት ያወጡት ባለሥልጣኖች ሕዝቡን እንበድል ብለው አልጻፉም፤ ለአገሬው አእምሮና ኑሮ የሚስማማ ትምህርት እንስጥ ነበር የሚሉት። ሰውን «በተፈጥሮህ ይህ ነው የሚስማማህ» ብሎ ከበር መመለስ በግልጽ ከመከልከል ይልቅ ለጆሮ ይለዝባል። ውጤቱ ግን ያው ነው።

በቱስኮላና መንገድ ወደ ከተማው

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ጣሊያኖች በገዛ ድሆቻቸውም ላይ አድርገውታል። መፍትሔውንም ያገኙ ሰዎች ከመካከላቸው ተነሥተዋል፤ ጥቂቶቹም እዚሁ ሮማ ውስጥ ነው የሠሩት።

የመጀመሪያዋ ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1896 ሮማ ውስጥ በሕክምና ተመርቃ፣ «አእምሯቸው ደካማ ነው» ተብለው የተተዉ ልጆችን ስታክም፣ ችግሩ ከመድኃኒት ይልቅ የማስተማር ጉዳይ መሆኑን ተረዳች። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907፣ በእኛ የገና ዋዜማ ዕለት፣ በሳን ሎሬንዞ የሠራተኞች ሰፈር፣ በቪያ ዴይ ማርሲ ቁጥር 58 «ካዛ ዴይ ባምቢኒ»ን ከፈተች። እዚያ ልጆቹ ፊደልን በአሸዋ ወረቀት ላይ በጣታቸው እየዳሰሱ ይማራሉ፤ እያንዳንዱም የመረጠውን ሥራ ይዞ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ትልቁ ትንሹን ያያል። የኔታ መጥተው ቢያዩ ኖሮ ሁኔታው እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር እላለሁ፤ አለንጋውን የት እንዳኖሩት ግን ሳይጠይቁ አይቀሩም።

ሁለተኛውን ለማግኘት ከሮማኒና ተነሥተን በቱስኮላና መንገድ ወደ መሃል ከተማ እንንዳ። በግራ በኩል የጥንቱ የውኃ ቦዮች ቅስቶች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ አኩዌዶቶ ፌሊቼ በሚባለው ቅስት ሥር ከደቡብ ጣሊያንና ከአብሩዞ ሥራ ፍለጋ የመጡ ቤተሰቦች በቆርቆሮና በእንጨት ባራካ ሠርተው ይኖሩ ነበር። ስደተኞች ነበሩ፤ ፓስፖርታቸው ጣሊያን ከመሆኑ በቀር ኑሯቸው ከእኛ ብዙም አይለይም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ የሚናገሩት የየአውራጃቸውን ዘዬ በመሆኑ፣ ልብሳቸውም እርጥበት ስለሚሸት፣ ብዙዎቹ «ክላሲ ዲፈሬንዚያሊ» ወደሚባሉ ልዩ ክፍሎች ይላኩ ነበር። ስሙ ለዘገዩ ልጆች የሚስማማ ትምህርት ነው። በተግባር ግን ከዚያ ክፍል ገብቶ ከሌሎቹ ጋር እኩል የወጣ ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን በቶስካና ተራራ ላይ፣ ባርቢያና በምትባል መንደር፣ ዶን ሎሬንዞ ሚላኒ የተባሉ ቄስ ከትምህርት ቤት የተጣሉ የገበሬ ልጆችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስተምራል፤ አንድ ልጅ እስኪገባው ድረስ ሌሎቹ ወደፊት አይሄዱም። ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1967 «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የሚል መጽሐፍ በጋራ አወጡ። የሐኪም ልጅና የገበሬ ልጅ እኩል ሳይነሡ እኩል እየተመዘኑ፣ የሚወድቀው ምንጊዜም የገበሬው ልጅ መሆኑን በቁጥር አሳዩ። ዶን ሚላኒም በዚያው ዓመት ሞቱ።

ባርቢያናን ያዩ ዶን ሮቤርቶ ሳርዴሊ የተባሉ ወጣት ቄስ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በአኩዌዶቶ ፌሊቼ ከባራካው ሰዎች ጋር መኖር ጀመሩ። ቁጥሯ 725 በሆነች ጠባብ ባራካ ውስጥ ልጆቹን ከሰዓት በኋላ ያስተምሩ ጀመር፤ ትምህርት ቤቷም «ስኩዎላ 725» ተባለች። ያስተማሩት ግን ቀላል የተባለ ልዩ ትምህርት አልነበረም። ጋዜጣ ያነባሉ፣ ይወያያሉ፣ አብረው ይጽፋሉ። «አይችሉም» የተባሉት ልጆች ስለ ኑሯቸው ለሮማ ከንቲባ ደብዳቤ ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ «ኖን ታቼሬ»፣ ማለትም «ዝም አትበል» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1973 ነዋሪዎቹ ከባራካው ወጥተው ወደ ኦስቲያ ሲዛወሩ ትምህርት ቤቷ አበቃች። ልጆቹ አድገው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቀድሞ መምህራቸው ጋር ሆነው ለሮማ ከንቲባ ዳግመኛ ጻፉ። ዶን ሳርዴሊ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ልዩ ክፍሎቹም እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው በሕግ ቁጥር 517 ተሽረዋል። በዚህ ሕግ የአካል ጉዳት ያለበትም ልጅ ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን ረዳት መምህር ተመድቦለት እንዲማር ተደረገ።

ከባራካዎቹ መፍረስ በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። እዚሁ ሮማኒና የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የነበረው ትልቅ ሕንፃ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ ለመጡ ስደተኞች መጠለያ ሆነ፤ «ሰላም ፓላስ» ያልነውም እኛው ነን። ፕሮፌሰሮች ያስተምሩበት የነበረው ክፍል የቤተሰብ መኝታ ሆነ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች አሉን። እንግዲህ የባራካዎቹ ልጆች ታሪክ የእነርሱም ታሪክ ነው።

«ትንሽ ይቆይልን»

ሌላውን ስወቅስ የራሴን መሸፈን አይገባኝምና አንድ ነገር ልናዘዝ።

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተማር ሲጀመር እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይሰራጫል። የታሰበው መልካም ነበር፤ የገጠሩም ልጅ ቤተ ሙከራውን እንደ ከተማው ልጅ ይየው ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነበር፤ ለእኔ የሚተርፈኝ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። በስክሪኑ ያለው ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ፤ እንግሊዝኛውን በዚያ ፍጥነት የሚከተለው ከሁለት ረድፍ አይበልጥም።

አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሰውየው ትንሽ እንዲቆይልን ሊነግሩልን አይችሉም?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ ብቻም አይደል፣ ከዚያ በኋላ በልቤ «ፈዛዛ» የሚል ስም አወጣሁላት። ሁለተኛ እጇን አላወጣችም። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቷ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች አላውቅም።

በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን ነገር የተናገረች እርሷ ብቻ እንደነበረች የገባኝ ከአገር ከወጣሁ በኋላ ነው። ዘገምተኛ አልነበረችም። የጠየቀችው ያው መድረሻ ላይ በራሷ እርምጃ እንድትደርስ ነበር፤ የኔታ ቢሆኑ ይህን ለሁሉም ሳይጠየቁ ይሰጡ ነበር።

ጥፋቱ የቴሌቪዥን አይደለም። እዚህ ጣሊያን አልቤርቶ ማንዚ የተባለ የሮማ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1968 በራይ ቴሌቪዥን ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎችን አስተምሯል። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ትልቅ ወረቀት ላይ በከሰል እየሣለ ቃሉን ከሥዕሉ ያወጣዋል። በየመንደሩም ሰዎች ተሰብስበው በረዳት መምህር እየታገዙ ይከታተሉት ነበር። ቴሌቪዥኑ እዚያ መምህሩን አገዘ፤ የእኛው ግን ተክቶት ተቀመጠ። ይኸው ማንዚ እ.ኤ.አ. በ1981 በተማሪዎቹ ላይ የግምገማ ቃል አልጽፍም፣ ልጅ ዛሬ እንዲህ ቢሆን ነገ ይለወጣል ብሎ እምቢ በማለቱ ከሥራ ታግዷል።

ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ

አሁን ወደ እህታችን ወረቀት እየቀረብን ነው። «በእጁ እንጂ ከመጽሐፍ አይማርም» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? ካለፈው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪ ሁሉ ወይ የዓይን፣ ወይ የጆሮ፣ ወይ የእጅ ነው፤ በዓይነቱ ከተማረ ይሻለዋል የሚል ትምህርት ተሰራጭቷል። እኔም በመምህርነት ሥልጠናዬ ሰምቼዋለሁ፤ አምኜዋለሁም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ፣ ሁሉም አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ በዚህ ጉዳይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩ። ሰዎች የሚወዱት የአማማር መንገድ እንዳላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪን በዓይነት ከፍሎ በዚያው ዓይነት ብቻ ማስተማር ውጤቱን እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ካርታ በጆሮ አይማሩትም፤ ዜማም በዓይን ብቻ አይያዝም። መንገዱን የሚወስነው ይበልጡን ትምህርቱ ራሱ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው ልጁ አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር፣ በቋንቋው፣ በፍጥነቱና እንደ ንባብ መዘግየት ባሉ በትክክል ሊመረመሩ በሚችሉ ችግሮች ነው።

በራሴ አይቼዋለሁ። ለታክሲ ፈቃድ የሮማን የመንገድ ስም ሳጠና፣ «እኔ የጆሮ ሰው ነኝ» ብዬ ስሞቹን በቴፕ ቀድቼ ስሰማ ከረምኩ። ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ካርታውን በእጄ ሥዬ፣ ስሙን ጮክ ብዬ እየጠራሁ፣ መንገዱን ራሱን በመኪና ስዞረው ነው አእምሮዬ የያዘው። የጆሮ ሰው ነኝ ማለቴ አንድ ወር አባከነብኝ። አንድ ልጅ ግን «የእጅ ልጅ ነህ» ቢባልና ቢያምን፣ የሚያባክነው ወር ብቻ አይሆንም።

ቅዳሜ የሰጠሁት መልስ

ቅዳሜ ከእህታችን ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን እንዲህ አልኋት። የእጅ ሥራ መውደዱ ሙገሳ ነው፤ እናመስግናቸው። ከመጽሐፍ አይማርም ማለታቸው ግን መንገድ ሳይሞክሩ መድረሻ መቁረጥ ነው፤ እርሱን እንጠይቃቸው። ለእርሷ የነገርኳትን ለእናንተም እደግመዋለሁ።

አንደኛ፣ ኮንሲሊዮ ኦሪየንታቲቮ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚመርጠው ቤተሰቡ ነው። በጣሊያን የስደተኛ ልጆች ከጣሊያን ልጆች ይልቅ በሙያ ትምህርት ቤቶች በዝተው እንደሚገኙ የታወቀ ነው፤ ምክሩን ስትቀበሉ ይህን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ሙያ ነውር አይደለም። «ኢስቲቱቶ ቴክኒኮ»ም ሆነ «ኢስቲቱቶ ፕሮፌሲዮናሌ» አምስቱ ዓመት ሲጨረስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ዲፕሎማ ይሰጣል። የሦስት ዓመቱ የሙያ ሥልጠና ግን በዚያ ካበቃ የሙያ ብቃት ወረቀት እንጂ ይህን ዲፕሎማ አይሰጥም። የትኛው እንደሆነ አጣሩ።

ሦስተኛ፣ ልጁ በንባብ ወይም በሒሳብ ልዩ ችግር ካለበት በሕክምና ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ቁጥር 170፣ እንዲህ ላሉ ልጆች ተጨማሪ ጊዜ፣ የሒሳብ ማሽን፣ ጽሑፍ የሚያነብ ኮምፒዩተርና የመሳሰለውን ይፈቅዳል፤ ይህም «ፒ.ዲ.ፒ.» በሚባል እቅድ ላይ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያም በቋንቋ ምክንያት የተቸገረ ልጅ ይህን መሰል እቅድ እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ብዙ ወላጅ «ልጄን በሽተኛ አሉብኝ» ብሎ ወረቀቱን ይሸሽጋል። አትሸሽጉት። ይህ መንገዱን የሚለውጥ እንጂ መድረሻውን የሚለውጥ አይደለም፤ ፈተናውም ዲፕሎማውም ያው ነው።

አራተኛ፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህ እቅድ ዲፕሎማ ያሰጣል ወይስ አቴስታቶ?» በሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪው ከውጭ ቋንቋ የጽሑፍ ፈተና ቢቀነስለት፣ ማለትም «ዲስፔንሳ» ቢሰጠው ዲፕሎማው አይቀርበትም። ከቋንቋው ጨርሶ ነፃ ከሆነ፣ ይኸውም «ኤዞኔሮ» ከተባለ፣ ወይም ጨርሶ የተለየ እቅድ ከተከተለ ግን መጨረሻው አቴስታቶ ነው። ለአንዳንድ ልጅ ይህ ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሳያውቁ መፈረም ግን ልጁን በፈቃድ ወደ ጥንቱ ልዩ ክፍል መመለስ ነው።

እህታችን በጥር ወር መምህራኑን ልታነጋግር ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ልጁንም ይዘነው ገባን። አንዲት መምህርት ለምን ንባብ እንደሚከብደው ጠየቀችው። እርሱም ቃሉን ሁሉ በልቡ ለእናቱ እየተረጎመ ስለሚያነብ እንደሚዘገይ ነገራት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቤቱን ወረቀት ሁሉ ለእናቱ የሚያነበው እርሱ ነበርና ልማድ ሆኖበታል። መምህርቷ ዝም አለች፤ ከዚያ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች። ለፈተናዎቹ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ተስማሙ፤ ቤተሰቡም ኢስቲቱቶ ቴክኒኮ ላይ አስመዘገበው። ይሳካለት አይሳካለት ገና አላየነውም።

ውድ አንባቢያን፤ ከመካከላችን አንድ ክፍል ቀድሞ የወጣ ልጅ ያለው ሁሉ፣ ለኋለኛው በሳምንት አንድ ሰዓት ይስጥ። የየኔታም፣ የባርቢያናም ሥርዓት ይኸው ነበር፤ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህር ፊት ስትቀርቡም፣ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ያለችውን አትፈሩ፤ «ትንሽ ይቆይልን» በሉ። እኔ በጊዜው አልሰማኋትም። እናንተ ግን ለልጆቻችሁ ጠይቁላቸው።

ቸር ይግጠመን።